ከቶንጎ እስከ ኦምዱርማን



ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር መሄድ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ አሜሪካ ይሄዳል። የእኛ ዘመድ የነበረችው ኦምዱርማን ነው። አገሩ ጎረቤት፣ ሰዉ ወንድም፣ ወንዙም የእኛው ወንዝ ነው። እንዲያም ሆኖ እናታችን የእናቷን ልጅ፣ ታላቅ እህቷን፣ ዓይኗን ሳታይ 31 ዓመት አለፋት። በ2009 ዓ.ም ጥር ወር አላህ (ሱ.ወ.) ፈቅዶ ሄድን። ስላየነው ከተማና ገጠር፣ ሳናስበውም ስላጠፋነው ጥፋት ልናወጋችሁ ነው።

«እኛ» ስንል ባልና ሚስት፣ ያኔ የ12 እና የ9 ዓመት የነበሩት ሁለቱ ልጆቻችን፣ እንዲሁም እናታችን ማለታችን ነው። እናታችን የማንኛችን ወላጅ እንደሆነች ጎረቤት ሁልጊዜ ይጠይቃል። በቤታችን የሁለታችንም ናትና እዚህም ላይ በዚሁ እንለፈው።

እናታችን የቶንጎ ልጅ ናት። ቶንጎ ከአሶሳ ተነስቶ ባምባሲን ካለፉ በኋላ የምትገኝ፣ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። ማኦው፣ ኮሞው፣ በርታው፣ ኦሮሞው ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርባት፣ ገበያዋ ላይ ሦስት አራት ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሚሰማባት አገር ናት። ዐረብኛውም የሱዳን ዐረብኛ ነው። አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በግንቦት 1894 ዓ.ም ድንበሩን በውል ሲያሰምሩ ወሰኑ በወረቀት ላይ ተሰመረ እንጂ ነጋዴው፣ ደረሳውና ሙሽራው መመላለሱን አላቆመም። አክስታችንም እንደዚሁ በሙሽርነት ነው የሄደችው። በ1962 ዓ.ም ገደማ በኩርሙክ በኩል ቡና እያመላለሰ የሚነግድ የደማዚን ሰው አገባትና ወሰዳት። እናታችን ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። በበቅሎ ተጭና ስትሄድ እስከ ወንዙ ድረስ ተከትላት አልቅሳ እንደተመለሰች ዛሬም ትናገራለች።

በ1978 ዓ.ም አባታቸው ሲሞት አክስታችን ለታዕዚያ መጥታ ነበር። ሁለቱ ዓይን ለዓይን የተያዩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ኩርሙክ በ1980፣ በ1989፣ እንደገናም በ2004 ዓ.ም በሱዳን መንግሥትና በአማፅያን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ከረመች። በእኛም በኩል በ1982 ዓ.ም አሶሳ የጦርነት ቀጣና ሆና ነበር። የአክስታችን ባል ንግዱን ወደ ኦምዱርማን አዞረና ቤተሰቡን ይዞ ገባ። ደብዳቤ በሰው እጅ ይላክ ነበር፤ አንዳንዱ ዓመት ፈጅቶ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይደርስም። ሞባይል ስልክ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሁለቱ እህትማማቾች በየዒዱ ይደዋወላሉ። ይሁንና ስልኩ ላይ ግማሹ ሰዓት በለቅሶ ስለሚያልቅ ምንም ሳይነጋገሩ ካርዱ ይጨረሳል።

ዝምድናን መቀጠል፣ ሲለተ ረሒም የምንለው፣ በየሚንበሩ የምንሰማው ግዴታ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናን ቀጠለ የሚባለው ለጠየቀው ዘመድ ብድር የሚመልስ ሳይሆን የተቋረጠውን የሚቀጥል መሆኑን አስተምረውናል። እኛ ግን እናታችን በተናገረች ቁጥር «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዓመት» እያልን ነበር የኖርነው። «ኢንሻአላህ» የሚለውን የተከበረ ቃል ለማዘግየት መጠቀማችን ሳያሳፍረን አልቀረም።

በመጨረሻ ፓስፖርቱም ቪዛውም ተሟልቶ፣ የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ፈተናም አልቆ ተነሳን። እዚህ ላይ የመንገዱን ነገር ልብ በሉልን። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ በኩል ቢኬድ ደማዚን ቅርብ፣ ከደማዚን ካርቱም ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ነገር ግን በዚያ በኩል ቤተሰብ ይዞ መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ዞረን ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ታጥፈን መተማ ደረስን። ጋላባት ተሻግረን ገዳሪፍ ያደርን ዕለት ትልቁ ልጃችን ካርታ አውጥቶ የመጣንበትን መንገድ በጣቱ ተከተለና፣ «አባዬ፣ ውኃው ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር እኮ!» አለን። እውነቱን ነው። ጥቁር አባይ ከክልላችን ወጥቶ፣ የሩሴይሪስን ግድብ አልፎ፣ ሴናርን አልፎ ካርቱም ይገባል። የእኛ አውቶቡስ ግን አገሩን ሁሉ ዞረ።

ሰላታችንን እያሳጠርንና እያጣመርን፣ በየመንገዱ ባለ ሰቢል ውኃ ውዱእ እያደረግን ነበር የሄድነው። በሱዳን በየደጁ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ዚር የሚባለው ትልቅ የሸክላ ጋን ውኃ ተሞልቶ ለመንገደኛ ይቀመጣል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፣ ጠጥቶ ማለፍ ነው። ታናሿ ልጃችን በየዚሩ ካልጠጣሁ እያለች አስቸገረችን።

ከገዳሪፍ ወዲያ ያለው ገጠር ለእኛ ለደጋና ለጫካ ሰዎች እንግዳ ነገር ነው። ተራራ የለም። ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ እንኳ የለም። በዋድ መደኒ በኩል ስናልፍ የጀዚራን እርሻ አየነው። ከሴናር ግድብ በቦይ የሚወጣ ውኃ፣ በእግዚእ ቆጣሪዎች አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ፣ ያንን ሁሉ ሜዳ ያጠጣል። ጥጡ፣ ማሽላው፣ ስንዴው እስከ ሰማይ ዳር ተዘርግቷል። እናታችን በመስኮት አየችና፣ «ይህ የእኛ ውኃ ነው?» አለች። አዎ አልናት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንኳንም ደረሰላቸው፣ እህቴም ከዚሁ ስትጠጣ ኖራለች» አለች። ስለ አባይ ውኃ በየጋዜጣው የሚጻፈውን ሁሉ ካነበብን በኋላ ከእናታችን አፍ የሰማነው ይህ ነው። ጉባ ላይ የተገነባው ግድባችን ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበር።

ኦምዱርማን የገባነው ከዐስር በኋላ ነው። አክስታችን ከቀትር ጀምሮ ደጅ ላይ አንገረብ አስወጥታ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። አንገረብ እኛ የጠፍር አልጋ የምንለው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሆነ ለመጻፍ ሞክረን ሦስት ጊዜ ቀደድነው። አንድ ነገር ብቻ እንናገር። አልተቃቀፉም። እናታችን መሬት ላይ ተቀመጠችና የእህቷን እግር ይዛ ቀረች። አክስታችንም ጎንበስ ብላ ራሷን ትዳብሳት ጀመር፤ በልጅነት ቋንቋቸው፣ በበርታ፣ የሆነ ነገር ትላታለች። ልጆቿም የልጅ ልጆቿም በዙሪያዋ ቆመው ነበር። ያንን ቋንቋ ከእነርሱ አንዱም አይሰማም። በኋላ ምን እንዳለቻት ብንጠይቃት እናታችን፣ «ለምን በባዶ እግርሽ ወጣሽ፣ እሾህ አለ ነው ያለችኝ» አለች። በ1962 ዓ.ም እስከ ወንዙ በተከተለቻት ዕለት የተናገረቻት ቃል ኖሯል።

ማታ የቀረበው ገበታ ቶንጎን ያስታውሳል። የማሽላ ዐሲዳ ከደረቅ ባሚያ በተሠራ ወጥ፣ እነርሱ ወይካ በሚሉት። ኪስራውንም ልጆቻችን «ስስ እንጀራ» ብለው ስም አወጡለት። እኛ ያመጣነው ቡናና ማር ነበር። አክስታችን ማሩን ከፍታ አሸተተችና ክዳኑን መልሳ ትራሷ ሥር አኖረችው። ልጆቿ ሳቁባት፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

በሦስተኛው ቀን ማግስት፣ የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን አስታውሰን ቢያንስ የገበያውን ወጪ እንካፈል ብለን ጠየቅን። አክስታችን ተቆጣች። «ሦስት ቀን ለእንግዳ ነው። እናንተ እንግዳ ናችሁ?» አለችን። ልጆቻችንን «ሐቦባ በሉኝ» አለቻቸው። ሐቦባ በሱዳን አያት ማለት ነው፣ ቃሉ የፍቅር ቃል ነው።

አሁን ስለ ከተማው እናውጋ። መሪያችን የአክስታችን የልጅ ልጅ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ከእኛ ልጆች ጋር በግማሽ ዐረብኛ፣ በግማሽ ምልክት ትነጋገራለች። መጀመሪያ የወሰደችን አል-ሙቅረን ነው። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በጥር ጥቁር አባይ ጎድሎና ጠርቶ ሰማያዊ አረንጓዴ ይመስላል። ነጩ ደግሞ ወተት የተንጠባጠበበት ውኃ ይመስላል። ሁለቱ ወዲያው አይቀላቀሉም፣ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከዚያው ፊት ለፊት ቱቲ የምትባለው ደሴት አለች፤ በትልቅ ከተማ መሐል ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል የሚበቅልባት ገጠር ናት። በድልድዩ ተሻግረን ስንገባ አህያ ሣር ተጭኖ አገኘን። እናታችን ከተማውን ሁሉ ትታ የወደደችው ቱቲን ነው። መዝገባችን ላይ ከዚያ ዕለት የጻፍነው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ዛሬ እማማ አልደከመችም።»

ብሔራዊ ሙዚየሙን አየነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የተከፈተ ሲሆን የአስዋን ግድብ ውኃ ሊውጣቸው የነበሩትን የኑቢያ ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው አምጥተው በግቢው ውስጥ ተክለዋቸዋል። የንጉሥ ታሃርቃ ግዙፍ ሐውልትም አለ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የአክሱሙ ኢዛና ወደ መርዌ መዝመቱን ተምረው ነበርና «እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር?» ብለው ተደነቁ። ማታ ለአክስታችን ልጅ ይህንን ብንነግረው ነገሩ ወደ ሌላ ዞረ። በሱዳን አንዳንድ ጸሐፊዎች ሰሓቦች የተሰደዱበት የሐበሻ ምድር የዛሬው ሱዳን ነው ይላሉ፤ እሱም ይህንኑ ይዞ ተከራከረን። እኛም ነጃሺ የሚገኘው ትግራይ ውስጥ ነው፣ መስጊዱም መቃብሩም ቦታውም ይመሰክራል ብለን አንለቅም አልን። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። አክስታችን ከአንገረቧ ላይ ሆና፣ «ሰሓቦችን የተቀበለ ሁሉ መልካም ሠርቷል፣ አሁን እንቅልፍ ተቀበሉ» ብላ ገላገለችን።

በጁሙዓ ሶላት ከሰገድን በኋላ አመሻሽ ላይ የሼኽ ሐመድ አን-ኒል መቃብር ወዳለበት ወሰዱን። የቃዲሪያ ጠሪቃ ተከታዮች አረንጓዴና ቀይ ልብስ ለብሰው በከበሮ ዚክር ያደርጉ ነበር፤ ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር። ዑለሞች ስለዚህ ዓይነቱ ዚክር የተለያየ ቃል አላቸውና እኛ እዚህ ልንፈርድ አልተነሳንም። የመህዲን መቃብር ጉልላትና የኸሊፋውን ቤትም አይተናል። ጉልላቱን እንግሊዞች በ1898 በመድፍ ካፈረሱት በኋላ በ1947 እንደገና ተሠርቷል፤ ሁለቱም ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የኸሊፋው ቤት ግን የአንድ ትልቅ ገዢ ቤት ነው ቢባል የማይታመን፣ የጭቃ ቤት ነው። ደስ አለን፣ ለምን እንደሆነ አናውቅም።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንመለስ።

የቆየነው 9 ቀን ነው። በ8ኛው ቀን ማታ አክስታችን ጀበናዋን አስጥዳ (እነርሱም ጀበና ነው የሚሉት፣ ዝንጅብል ግን ያበዙበታል) እንዲህ አለችን፦ «ነገ የትም አትሂዱ። አብራችሁኝ ዋሉ። የአባቶቻችንን ስም እስከ ሰባት ቤት እነግራችኋለሁ፤ ማን ቶንጎ እንደተቀበረ፣ ማን ከወዲህ እንደቀረ። እህቴ ትንሽ ነበረች፣ እሷ አታውቅም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።» እኛም «እሺ ሐቦባ» አልናት። ግን የአክስታችን ልጅ ለዚያው ቀን መኪና ተከራይቶልን ነበር፤ ጀበል አውሊያ ሊያሳየን። ልጆቹም ግድቡንና ዓሣ አጥማጆቹን ለማየት ሲቋምጡ ከርመዋል። ሌሊቱን ተመካከርን። «ጠዋት ሄደን ለዙህር እንመለሳለን» አልን። ለእናታችን ብቻ ነግረን፣ እሷን ከእህቷ ጋር ትተን፣ አክስታችን ከፈጅር በኋላ ተመልሳ ጋደም ባለችበት ሰዓት ወጣን።

ጀበል አውሊያ ከካርቱም ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግድቡ በነጭ አባይ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 የተሠራ፣ በዚያ ዘመን ለግብፅ መስኖ ውኃ ለማቆየት የታሰበ ነው። ከግድቡ በላይ ወንዙ ሐይቅ ሆኗል። ጀልባዎች፣ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎች፣ ውኃው ዳር በትልቅ መጥበሻ ዓሣ የሚጠብሱ ሴቶች፣ ሰማዩን የሞላ ወፍ። ልጆቻችን በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን የተደሰቱ አይመስለንም። ዓሣው ትኩስ ነበር። ዙህርን እዚያው ሰገድን። ከዚያ ጀልባ ተገኘ። ከጀልባው ስንወርድ ደግሞ መኪናው አልነሳ አለና ባትሪ ፍለጋ ተሄደ። ኦምዱርማን የደረስነው ከዒሻ በኋላ ነው።

ምሳው እንደተከደነ ነበር። አክስታችን ተኝታለች። እናታችን በጨለማ ደጅ ተቀምጣ አገኘናት። አክስታችን እስከ ዐስር ጠብቃን፣ ከዚያ ለእናታችን ብቻ መናገር ጀምራ፣ መሐል ላይ «ይበቃል፣ ወጣቶቹ ካልሰሙት ምን ያደርጋል» ብላ ተወችው። እናታችን ደግሞ መጻፍ አትችልም። ከሰማችው ውስጥ ሦስቱን ስም ያዘች፣ ሌላው ተምታታባት። በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ነበረብን። ስንሰናበት አክስታችን አልተቀየመችንም፤ ለእናታችን የራሷን ሰማያዊ ቶብ አለበሰቻት፣ ለልጆቹ ቴምር አሸከመቻቸው። እኛ ይቅርታ ስንጠይቅ፣ «በሚቀጥለው ስትመጡ» አለች። የእኛው ቃል ነበር፣ ወደ እኛው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት አልሄድንም። በሚቀጥለውም። በ2011 ዓ.ም ሱዳን ላይ የመንግሥት ለውጥ ሆነ። ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ በእኛው አካባቢ ጸጥታ ታወከና በ2004 ዓ.ም ቶንጎ አጠገብ በተከፈተው ጣቢያ ይኖሩ የነበሩት የሱዳን ስደተኞች ሳይቀሩ ወደ አሶሳ አቅራቢያ እንዲዛወሩ ሆነ። ሰበብ እየደረደርን አይደለም፤ ከነዚህ መሐል ሄደን የምንመለስበት ጊዜ ነበረን። ስልክም ነበረ። በስልክ ስሞቹን ንገሪን ስንላት ግን «በስልክ የሙታንን ስም አልጠራም፣ መጥታችሁ ስሙኝ» ትለን ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። እኛ ያየናቸው ቦታዎች ሁሉ በዜና ይጠሩ ጀመር፤ ሙቅረን፣ ቱቲ፣ ጀበል አውሊያ። ሙዚየሙ መዘረፉን ሰማን። ልጆቻችን በቴሌቪዥን መንገዱን ሲያውቁት «እዚህ ጋ ጭማቂ ጠጥተናል» ይሉና ዝም ይላሉ። የአክስታችን ቤተሰብ ወደ ዋድ መደኒ ሸሸ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ጦርነቱ መደኒ ሲደርስ ወደ ሲንጃ ሸሹ። በሰኔ መጨረሻ ሲንጃም ተያዘችና ወደ ደማዚን ሸሹ። አክስታችን በአህያ ጋሪም በእግርም ሄዳለች። ደማዚን በሙሽርነት ገብታ ልጆቿን የወለደችባት ከተማ ናት። እዚያ በደረሰች በ11ኛው ቀን ሞተች። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

መርዶውን የነገረችን ያቺ መሪያችን የነበረችው የልጅ ልጇ ናት። ያኔ የ21 ዓመት ሴት ሆና ነበር። ከእናቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ኩርሙክ ተሻግራ ከመሸጋገሪያው ጣቢያ በሰው ስልክ ደወለችልን። እኛ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የዞርንበትን ድንበር እነርሱ በቀጥታ መጡ፣ በዚያው አክስታችን በሙሽርነት በወጣችበት በር። በኋላ ወደ ኡራ መጠለያ ሲዛወሩ አሶሳ ሆነን እየሄድን እንጠይቃቸው ጀመር። መጀመሪያ በሄድን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበራቸው አንድ ጀበናና አንድ ምንጣፍ ነው፤ እንግዳ መሆናችን አልቀረምና ቡና አፈሉልን። ከድንኳኑ ደጅም አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ተከድኖ፣ ከላዩ ላይ ኩባያ ተደፍቶ አየን። ለመንገደኛ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም የይለፍ ወረቀት ተጠይቆ ተፈቀደና ልጅቷን ከእናታችን ጋር ይዘናት ቶንጎ ሄድን። ልጃችን፣ ያ ካርታ ያወጣው፣ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር፤ ደብተር ይዟል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናን ለመቀጠል የሚበቃንን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር ማዘዛቸው የተዘገበ መሆኑን በመንገድ ላይ ያነሳው እሱ ነው። እኛ አላነሳነውም፣ አፍረን።

ልጅቷ ስሞቹን ታውቅ ነበር። ሁሉንም አይደለም። ከሲንጃ ወደ ደማዚን ሲሸሹ አያቷ ሌሊት ሌሊት ፍርሃት እንዳይዛቸው ትጠራላቸው ነበር አለች። አምስት ስም ይዛለች። እናታችን ደግሞ ሦስት። ሁለቱ ስሞች ከሁለቱም ዘንድ ይገኛሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን አይገጥምም። መቃብሩ ዘንድ ደርሰን ሰላምታ ካቀረብንና ዱዓ ካደረግን በኋላ ሁለቱ ከሾላው ዛፍ ሥር ቆመው ይከራከሩ ጀመር። እናታችን በበርታና በአማርኛ፣ ልጅቷ በሱዳን ዐረብኛ። አራተኛው አያት እዚህ ነው የተቀበረው ትላለች እናታችን። የለም፣ እሱ ከወዲያ ማዶ ነው የቀረው፣ ሐቦባ እንዲህ ነው ያለችው ትላለች ልጅቷ። እናታችን ያንን ሰማያዊ ቶብ ለብሳ ነበር። ልጃችን የሁለቱንም ቃል ጻፈ፣ አንዱንም አልሰረዘም። ፀሐይ ሲጠልቅ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ መጡና ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። ነገርናቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን ተክለው ሦስተኛ ቃል ጀመሩ።